እናቱ እንዴት ነበር የምትጠራው?

የሁለት ዓመቱን የማስተርስ ትምህርት በአራት ዓመት ያልጨረሰ ሰው ምን ይባላል? እናቴ «ጎበዝ» ትለኛለች። «ይኸው ልጄ እስካሁን እየተማረች ነው» እያለች ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠ ሁሉ ታወራልኛለች። ትምህርት ክፍሉ ደግሞ በደብዳቤው ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የተራዘመላት ተማሪ» ብሎኛል። እኔም ራሴን የምጠራበት ስም አለኝ፤ እሱ ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

የምማረው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብና ድርሰት ነው። ለመመረቅ የሚጠየቀው ነገር ሲወራ ቀላል ነው። ሃያ ደቂቃ የሚሆን አዲስ ድርሰት መጻፍ፣ ምን ላይ እንደቆመ ማስረዳት፣ ከዚያ በሰው ፊት አስጫውቶ ፈታኞች ሲጠይቁ መመለስ ነው። ሁለት ድርሰት ጻፍኩ፤ ሁለቱም ወደቁ። የመጀመሪያውን አማካሪዬ ዶክተር መርጋ አይተው «ይሄ የፈረንጅ ቤት ነው፤ በራፉ ላይ ማሲንቆ ሰቅለሽበታል» አሉኝ። ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበቡትም። መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ።

«ልዩ፣ አንቺ ሰው ሲዘፍን ትሰሚያለሽ ወይስ ወረቀት ነው የምትሰሚው?»

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ይሄ የሆነው ጥር ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ሦስተኛውን ካላቀረብኩ ስሜ ይሰረዛል፤ አራት ዓመቴም አብሮ ይሰረዛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ቤታችንም ያኔ ቤት አልነበረም። ካዛንቺስ የተወለድኩበት ግቢ ከመንገዱ ሥራ ጋር ጥቅምት ላይ ፈርሶ እኔና እናቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ገብተናል። ጎረቤቱ ተበትኗል፤ አንዱ ገላን፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ኮልፌ። እናቴ ሎሚ፣ ሠላሳ ዓመት በሯን ክፍት ትታ የኖረች ሴት፣ አሁን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ የማታውቀው ሰው ልብስ ሲሰጣ ታያለች። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ የአሉላ ነገር አለ።

ወንድሜ አሉላ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ኤሌክትሪሺያን ነው። ካርቱም ሥራ አግኝቶ ሄደና ዓመት ከመንፈቅ ደህና ሲደውል ቆየ። ከዚያ በ2015 ሚያዝያ እዚያ ጦርነት ሲነሳ ስልኩ ጠፋ። በቃ። ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ ስሙን በስንት ቅጽ ላይ እንደሞላሁ አላስታውስም። እናቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትደውልለታለች። አንዲት ሴት በአረብኛ የሆነ ነገር ትላታለች። እናቴ ሴትየዋ ተናግራ እስክትጨርስ በትህትና ታዳምጥና ስልኩን ትዘጋለች። «ባትሪ ዘግቶበት ነው» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘጋ ባትሪ! እኔ አልከራከራትም። እኔ ምን እንደማስብ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«አልቃሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ያሉኝ ዶክተር መርጋ ናቸው። አልሰማሁም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ በግጥምና በዜማ ሰው የሚያስለቅስ ብርቅ ሆኗል፤ ድንኳን ውስጥ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። ጠይቄ ጠይቄ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ እትዬ ጀማነሽ የሚባሉ እንዳሉ ነገሩኝ። ሰባ ያለፋቸው ናቸው። በራቸው ላይ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸውና ድምፅ መቅጃዬን አሳይቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ሟርት ነው» አሉኝ። «ሂጂ ልጄ።»

በሳምንቱ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ዳቦውን ተቀብለው መለሱኝ። በሦስተኛው ባዶ እጄን ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፤ ካልቀዳሁ እንደሚያባርሩኝ፣ አራት ዓመት እንደተማርኩ፣ ሌላ መንገድ እንደሌለኝ። እየተናገርኩ እንባዬ መጣ።

«ማነው እዚህ ቤት አልቃሿ?» አሉ፣ ግን ጎናቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። «እሺ። እኔ ግን ለአየር አላለቅስም። ሟች አምጪ። ስም ስጪኝ።»

አሁን ይሄን ቦታ ቶሎ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ አልችልም። የምሰጠው ስም ነበረኝ። አባቴ ገብረጻድቃን ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እውነተኛ ሟች፣ ሐውልት ያለው፣ በየዓመቱ የሚታሰብ። እሱን ብል ማንም አይጎዳም ነበር።

«አሉላ» አልኳቸው። «ወንድሜ ነው።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ዕድሜውን ጠየቁኝ፤ መልኩን፣ ሥራውን፣ የት እንደቀረ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ። አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ ቢላዋቸውን አስቀመጡና «እናቱ እንዴት ነበር የምትጠራው?» አሉኝ።

«አሉላ።»

«ስሙንማ ነገርሽኝ። አጠራሯን ነው የምልሽ። አልቃሽ በራሷ አፍ አታለቅስም፤ በእናት አፍ ነው የምታለቅሰው።»

አሉላ ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ውሎ አመሻሽ ላይ እናቴ የግቢውን በር ይዛ ትጠራው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ጥሪ ያውቀዋል፤ እሷ ስትጠራ የሌሎቹም ልጆች ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ተነስቼ ቆምኩና እንደሷ ጠራሁ። «አ» ዝቅ ብሎ ረጅም ነው፤ «ሉ» ወደ ላይ ይወረወራል፤ «ላ» ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ «ዬ» እየተንሸራተተ ከሁሉም በታች ሄዶ ይጠፋል። አሉላዬ።

እትዬ ጀማነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደረታቸውን አንዴ መቱና ጀመሩ።

«እራትህን ይዤ ብጠራህ ልጄ፣
አሉላዬ ስልህ መለሰልኝ ደጄ።»

አስራ ሁለት ደቂቃ አለቀሱ። በየሁለት ስንኙ መሃል ያንን ጥሪ ይጠሩታል፤ ልክ እንደ እናቴ፣ ከእናቴም ይበልጥ እንደ እናቴ። ከአጥር ወዲያ ያሉ ጎረቤታቸው ሥራቸውን ጥለው ወጥተው እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔ አላለቀስኩም። መቅጃዬ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ወደ ቀይ እንዳያልፍ እየጠበቅኩ ነበር። ሲጨርሱ የተሰማኝ ደስታ ነው። ተገኘ፣ አልኩ። ከቂርቆስ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ የሄድኩት ታክሲ አጥቼ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለአስር ሳምንት ሰው አልነበርኩም። ቀረጻውን ሺህ ጊዜ ሰማሁት። ግጥሙን በሙሉ አወጣሁ፤ ዜማውን ለሁለት ቫዮሊን፣ ለማሲንቆና ለቼሎ አከፋፈልኩ። ጥሪውን ለቼሎ ሰጠሁት። ያ የመጨረሻው «ዬ» ፒያኖ ላይ የለም። በኮምፒውተር ስለካው በሁለት ቁልፍ መካከል ነው የሚወድቀው፤ ቼሎ ግን ጣትን አንሸራቶ ያገኘዋል። ስለዚያች አንዲት ድምፅ ብቻ አርባ ገጽ ጻፍኩ።

ዶክተር መርጋ ኖታውን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን አላወለቁም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጣታቸውን ቼሎው ላይ አድርገው።

«የሟቹ ስም የነበረበት ቦታ ነው። ስሙን አውጥቼዋለሁ።»

«ድርሰትሽ እዚህ ነው ያለው። ሌላው ሁሉ ይሄን እየጠበቀ ነው የሚጫወተው። እንዳትነኪው።»

ቼሎውን የሚጫወተው ፍሬአብ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ እሱ በሰዓቱ ተመርቋል። ልምምድ ላይ በአራተኛው ቀን ቀስቱን አወረደ።

«ማለቴ፣ ይሄ ቦታ… እየጠራሁ ነው አይደል? ሰው ነው የምጠራው?»

«አንተ ዝም ብለህ ተጫወት።»

«በቃ፣ በቃ። ብቻ ይከብዳል።»

ያን ዕለት ቤት ሄጄ ልቀይረው ሞከርኩ። «ሉ»ን ዝቅ አደረግኩት፣ «ዬ»ን ቆረጥኩት፣ ለማሲንቆ ሰጠሁት። ሁሉም ሞተ። ዶክተሩ እውነት ነው ያሉት፤ ያች ጥሪ ከወጣች የሚቀረው በራፉ ላይ ማሲንቆ የተሰቀለበት ቤት ነው። ቃል የለበትም፣ ስም የለበትም፣ እንጨትና ጅማት ነው፣ ማን ያውቀዋል? እንደዚህ እያልኩ ወደነበረበት መለስኩት። እናቴ በዚያ ሰዓት ማድ ቤት ውስጥ ሆና ድንች ትልጥ ነበር። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ነበር የምሠራው።

እናቴን መጥራት ግዴታ ነበር። አራት ዓመት ስለ እኔ ስታወራ የኖረች ሴት በመጨረሻው ቀን ቤት ትቀመጥ ልበላት? ደግሞ ሌላ ነገር አማረኝ። ድርሰቱ የሚቀርብበት አዳራሽ ባምቢስ አጠገብ ነው፤ ከድሮው ቤታችን በእግር ይደረሳል። የተበተነውን ጎረቤት በሙሉ ሰብስቤ፣ ሳታስበው ገብታ ስታያቸው ደስ እንዲላት ፈለግኩ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ለሰው ብዬ ያሰብኩት አንድ ነገር እሱ ነበር። ስለዚህ የእድራችን ሰብሳቢ ለነበሩት ለጋሼ ደጋጋ ደወልኩ። የሰፈሩ ሰው ስልክ በሙሉ እሳቸው ዘንድ አለ።

«ጋሼ፣ ልዩ ነኝ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ባምቢስ ጋ አንድ አዳራሽ አለ፤ የሰፈሩን ሰው በሙሉ እንዲሰበስቡልኝ ነበር። ግን እማ እንዳታውቅ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ስለ አሉላ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

ደነገጥኩ። ከመጋቢት ጀምሮ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው አሉላ ወረቀት ላይ ያለው አሉላ ነው። እትዬ ጀማነሽ ስለ ለቅሶው አውርተው ከጋሼ ደጋጋ ጆሮ የደረሰ መሰለኝ።

«ማን ነገረዎት? በማርያም ጋሼ፣ ለእማ ትንፍሽ እንዳይሉ። እዚያው እስክትመጣ…»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የእኛ ሥራ ነው። ጎረቤታችሁ ራቢያ እናንተ ቤት ድረስ ሄዳ ታመጣታለች። አንቺ ብቻ አይዞሽ።»

ስልኩን ዘግቼ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ቅዳሜ መጣ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስደረድር፣ የኖታ ማስቀመጫ ሳስተካክል ቆየሁ። ሰባት ተኩል ሲሆን ዶክተር መርጋ እትዬ ጀማነሽን ደግፈው ገቡ።  ሆን ብዬ አልጠራኋቸውም ነበር።

«የዜማውን ባለቤት ሳትጠሪ ልታቀርቢ ነበር?» አሉኝ ዶክተሩ፤ ራሳቸው በመኪናቸው ሄደው ነው ያመጧቸው።

እትዬ ጀማነሽ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። «እናቱ ትመጣለች?» አሉኝ።

«ትመጣለች። ግን እትዬ፣ በጣም ነው የሚያማት፤ እባክዎ ስለሱ አንድ ነገር እንዳያነሱባት» ብዬ ዋሸሁና መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከሳቸው አልተነቀለም። እሳቸውን ስጠብቅ ሌላውን ሁሉ ሳላይ ቀረሁ።

ጎረቤቶቼ መግባት ጀመሩ። ሃያ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ከገላን የመጡ አሉ፣ ከአያት የመጡ አሉ። ደስ አለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እያንዳንዱን ሳምኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት። አብዛኞቹ ሳይስቁ «አይዞሽ» አሉኝ። ለፈተናው መሰለኝ። ጋሼ ደጋጋ እጄን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ፍሬአብ ቼሎውን እየቃኘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እነዚህ ናቸው እንዴ ፈታኞቹ? ሙዳቸው ከብዷል።»

«የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፤ ፋራ አትሁን፣ ቃኝ።»

ለስምንት አምስት ጉዳይ እናቴ ገባች። ራቢያ በአንድ በኩል ክንዷን ይዛታለች፤ ራቢያ ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ አብራን የኖረች ጎረቤታችን ናት። በሌላው በኩል ሌላ ጎረቤት ይዛታለች። ሁሉም ሰው ተነስቶ ቆመ። እናቴ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ሁለተኛው ረድፍ መሃል ላይ አስቀመጧትና ጠንካራ ጠንካራዎቹ ሴቶች ከግራና ከቀኝ፣ ጋሼ ደጋጋ ደግሞ ከኋላዋ ተቀመጡ። እናቴ ዞራ እኔን ፈለገችኝ። ከሩቅ እጄን አውለበለብኩላት። መልስ አልሰጠችም፤ ደክሟት ነው አልኩ።

ሦስቱ ፈታኞች ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ ኖታቸውን ገለጡ። ድርሰቱ ተጀመረ።

ጥሩ ነበር። ይሄን ማለቴ ያሳፍረኛል፣ ግን ጥሩ ነበር። ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጻፍኩትን ሰማሁና አልጠላሁትም። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ፤ ማሲንቆው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ቼሎው ብቻውን ይጠራል። ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው።

የመጀመሪያው ጥሪ አለፈ። ፍሬአብ ልምምድ ላይ እንደዚያ ተጫውቶት አያውቅም።

ሁለተኛው ላይ የሰው ድምፅ ተቀላቀለው። ከላይ ወርዶ፣ ተንሸራትቶ፣ ፒያኖ ላይ የሌለችው ቦታ ላይ ልክ ከቼሎው ጋር አብሮ አረፈ። አርባ ገጽ የጻፍኩላት ድምፅ ናት። እናቴ ቆማለች።

ፍሬአብ ቀስቱን አየር ላይ ይዞ ቀረ። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ቀስ ብላ፣ መስታወት ፊት እንደቆመች። ከዚያ ወደ ጋሼ ደጋጋ ዞረች። ወደ እኔ አልነበረም።

«መቼ ነው?» አለቻቸው።

ጋሼ ደጋጋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ራቢያ ምሳ በግድ ስታጎርሰኝ አውቄዋለሁ» አለች እናቴ። «ልጄን የት ነው የቀበሩት?»

ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እኔ መርዶ ነው የደገስኩት! መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ዘመድ ጎረቤት በድብቅ ይሰበሰባል፤ ባለቤቱ እንዳይሰማ ይደረጋል፤ ሆዱ ባዶ እንዳይሆን እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ የሚይዙት ሰዎች ከግራ ከቀኝ ይቆማሉ። ሁሉንም በደንቡ አድርጌያለሁ። ጋሼ ደጋጋ «ስለ አሉላ ነው?» ሲሉኝ የአሉላ ሞት ተሰምቶ እንደሆነ ነበር የጠየቁኝ፤ እኔም «ለእማ እንዳይነግሩ» አልኳቸው። ሰዎቹ ከገላንና ከአያት ድረስ የመጡት ሙዚቃ ሊሰሙ አልነበረም።

ራቢያ «ውይ አሉላ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ተናጠ። ከመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ያ የታወቀ ድምፅ ተነሳ፤ እትዬ ጀማነሽ ደረታቸውን እየመቱ በወንበሮቹ መሃል መጡ። የእናት ጩኸት ሰምተው ዝም ማለት ሥራቸው አይደለም። «አሉላዬ ስልህ መለሰልኝ ደጄ» ሲሉ ሃያ ሰባቱም ተቀበሏቸው። ከፈታኞቹ አንዱ የድርሰቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ኋላ ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠኝ እሱ ነው።

«አልሞተም!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ወንበር ላይ ወጣሁና እስኪያመኝ ጮህኩ። «አልሞተም! መርዶ አይደለም! ማንም የነገረኝ የለም! ስሙን እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ለትምህርት ነው!»

ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ። ሰዎች እንባቸውን ሳይጠርጉ አዩኝ።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ…» አሉ ጋሼ ደጋጋ፤ አልጨረሱትም።

«ተሳስተን ነው ጋሼ። እኔ ስለ ድርሰቱ የጠየቁኝ መስሎኝ ነው። እማ፣ ስሚኝ፣ የሰማነው ነገር የለም። እንደ ድሮው ነው። ሕያው ነው።»

እናቴ ፊት ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ ጀማነሽ ቀደሙኝ፤ ተቆጥተዋል።

«በሕያው አስለቀስሽኝ? በሕያው?» አሉ። ወደ እናቴ ዞሩ። «የኔ እመቤት፣ እኔ ጥፋት የለብኝም። ሟች ከሌለ አላለቅስም፣ ስም ስጪኝ አልኳት። ሳታቅማማ ነው የሰጠችኝ።»

«ሳታቅማማ» አለች እናቴ።

«ሳታቅማማ። ወንድሜ ነው አለችኝ። አጠራርሽን ሳይቀር ቆማ አሳየችኝ።»

 መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት «ስታዲየም፣ ስታዲየም» ይላል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አባትሽ አልነበረም ወይ?» አለችኝ። «እሱ ሞቶ የለም ወይ?»

 ቸኩዬ ነው፣ ጨንቆኝ ነው፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው ልላት እችል ነበር። አፌ ላይ ለምን እሱ መጣ ብትለኝስ? ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ስትደውል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን እያሰብኩ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅኩት፤ እሷም ያን ጊዜ አወቀችው። ከወንበሩ ወረድኩ። ፍሬአብ ተነስቶ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ ከግራ ከቀኝ የያዟትን እጆች አስለቀቀች። ነጠላዋን አወለቀች። ጥለቱን መልሳ ወደ ታች አደረገችና እሁድ እሁድ እንደምትለብሰው አስተካክላ ለበሰችው።

«ሎሚ…» አሏት ጋሼ ደጋጋ።

«እኔ ልጄ አልሞተብኝም» አለቻቸው። «የሞተው የእሷ ወንድም ነው።»

በወንበሮቹ መሃል ወደ እኔ መጣች። አጠገቤ ያለው የማሲንቆ ተጫዋቹ ወንበር ባዶ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጠች። አላቀፈችኝም፣ አልቆጣችኝምም። ሰፈር ውስጥ ብዙም የማታውቀው ሰው ሲሞት ድንኳን ገብታ ለቤተሰቡ በምትናገርበት ድምፅ ተናገረችኝ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። «ወንድምሽ ጥሩ ልጅ ነበር ይላሉ።»

ከዚያ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ አንገቷን ደፍታ ትንሽ ቆየችና ተነስታ ሄደች።